አባቴ ቁርሱን ረስቶ 1967ን ያስታውሳል፤ የወጣትነት ትዝታ ለምን አይደበዝዝም?

የጉለሌ ልጅ (ክሩን የጀመረች) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ።

አባቴ 69 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሯል። ሐኪም ይከታተለዋል፤ ስለ ሕክምናው ልጠይቃችሁ አይደለም። የገረመኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፍርፍር ሠርቼለት ጥርግ አድርጎ በላ። ሳህኑን አጥቤ ስመለስ «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?» አለኝ። ልጄን በእህቴ ስም ነው የሚጠራት። ግን «አባዬ፣ ዘመቻ እንዴት ነበር?» ካልኩት ዓይኑ ይበራል። የዕድገት በሕብረት ዘመቻ በ1967 ሲታወጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። 18 ዓመቱ። ጎጃም ደረሰው። አውቶብሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ ከጎኑ የነበረው ልጅ እንዴት እንዳስመለሰው ይነግረኛል። ያረፉበት ትምህርት ቤት ስንት መስኮት እንደነበረው ያውቃል። አራት፣ አንዱ መስታወት የለውም። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ አንድ ገበሬ በበቅሎ እንዴት እንዳሻገረው ሲያወራ ድምፁ ራሱ የልጅ ድምፅ ይሆናል።

እናቴ ከእሱ ጋር 38 ዓመት ኖራለች። ሰርጋቸውን ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ጭጋግ ነው። እሷም አንዳንዴ ይከፋታል። ትናንት «እኔ ከዘመቻው አንሼ ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በሽታው ብቻ እንዳልል፣ እኔም ጤነኛዋ እንደዚያው ነኝ። መስከረም 1 ቀን 2000፣ የሚሌኒየሙ ሌሊት፣ 18 ዓመቴ ነበር። ማን ምን እንደለበሰ ልነግራችሁ እችላለሁ። የ2010ን አዲስ ዓመት ግን የት እንዳሳለፍኩት አላውቅም።

ለምንድነው? የሚያውቅ ሰው ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።


ሲድኒ93 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ።

ስሜ እንደሚናገረው ነው። መስከረም 15 ቀን 1993፣ ሰኞ። 16 ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር፤ እኛ ልጆቹ በመስኮት ነው የምናየው። ኃይሌና ፖል ቴርጋት የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ሲገቡ ከፊቴ የነበረው ልጅ አንገት ላይ ያለችውን ጠባሳ እያየሁ ነበር፤ ቀና አላለም እንጂ ስክሪኑን ቢጋርደኝ እጮህ ነበር። በ0.09 ሰከንድ ነው ያሸነፈው። የቤቱ ባለቤት እናት እልል ብለው ያፈሉት ቡና ምድጃው ላይ ገነፈለ። የገነፈለው ቡና ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

በ2004 ጥሩነሽ በለንደን 10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ የራሴ ቤትና የራሴ ቴሌቪዥን ነበረኝ። በጣም ተደስቻለሁ። ግን ከማን ጋር እንዳየሁት እንኳ አላስታውስም። ጥሩነሽ ከኃይሌ አንሳ አይደለም። እኔ ነኝ የተቀየርኩት።


መምህርቷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

የጉለሌ ልጅ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ይህ ጉዳይ በጣም ስለምወደው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የአባትሽ ነገር ሁለት ጉዳይ ተደርቦበት ነው። አንደኛው የሁላችንም ነው። ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ይቀመጥና ቃል ይሰጠዋል፤ ወንዝ፣ ዳቦ፣ ደብዳቤ። በየቃሉ መጀመሪያ ትዝ ያለውን የራሱን ገጠመኝ ይናገራል። ከዚያ «ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?» ይባላል። ዘዴውን በራሱ ላይ የሞከረው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ሩቢን፣ ዌትዝለርና ኔብስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ ቅርጹ ጎልቶ ወጣ። ከሦስት አራት ዓመት ዕድሜ በፊት ያለው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የሰሞኑ ትዝታ ብዙ ነው። ወደ ኋላ ሲኬድ እየሳሳ ይሄዳል። እንደሳሳ መቅረት ነበረበት። ግን ከ10 እስከ 30 ዓመት አካባቢ ላይ ሲደርስ እንደገና ያብጣል። ለተማሪዎቼ «የትዝታ ጉብታ» እያልኩ ነው የማስተምረው።

ለምን ያብጣል ስትይኝ፣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። አንዱ ወገን «የመጀመሪያ ስለሆነ ነው» ይላል። ከቤት መውጣት፣ መውደድ፣ የራስን ገንዘብ መያዝ፤ ሁሉም የመጀመሪያ የሆነው በዚያ ዕድሜ ነው። አእምሮ የለመደውን ነገር እንደ አዲስ አይመዘግብም። ሌላው ወገን «ማንነታችን የተሠራው ያኔ ስለሆነ ነው» ይላል። «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ለማለት የምንጠቅሰው ታሪክ ሁሉ እዚያ ስላለ ደጋግመን እንመለስበታለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በርንትሰንና ሩቢን ደግሞ ሌላ አመጡ። እያንዳንዱ ኅብረተሰብ «ሕይወት እንዲህ ትሄዳለች» የሚል ያልተጻፈ መስመር አለው። እኛ ጋ ብትጠይቂ ማትሪክ፣ ሥራ መያዝ፣ ሽማግሌ መላክ፣ ሰርግ፣ የልጅ ክርስትና ይሉሻል። ሁሉም ከ30 በፊት ተጨናንቋል። ከ50 በኋላ ያለው መስመር ባዶ ነው ማለት ነው፤ ትዝታ ስንፈልግም ይህንኑ መስመር ይዘን ነው የምንሄደው።

እኔን ብትጠይቂኝ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። ሲድኒ93 «እኔ ነኝ የተቀየርኩት» ያለው ራሱ እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በሽታው ነው። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 ያስተዋለው ነገር አለ፤ የማስታወስ ችሎታ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አዲሱ ቀድሞ ይፈርሳል፣ አሮጌው ይቆያል። አዲስ ትዝታ የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ በአልዛይመር ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ነው። የአባትሽ ቁርስ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም። 1967 ግን 50 ዓመት ሙሉ ሥር ሰዷል። (አባትሽ ያለባቸው ምን እንደሆነ ሐኪማቸው ነው የሚያውቀው፤ እኔ በጥቅሉ ነው የተናገርኩት።)

ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ። ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች ቡናው ሁሉ አንድ ቡና ይሆንባቸዋል። አንዱን ቀን ከሌላው ለይቶ ማውጣት የሚያቅተው ቀኑ ስላነሰ አይደለም። እርሳቸው የትዝታ ጉብታው ላይ ባይኖሩም ጉብታው የተቀመጠበት መሬት እርሳቸው ናቸው።


ከቤርሼባ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

መምህርት፣ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ይህን ጉብታ ታፈርሰዋለች።

እናቴ ወደ እስራኤል ስትመጣ 41 ዓመቷ ነበር። ግንቦት 1983፣ ዘመቻ ሰሎሞን። አዲስ አበባ ውስጥ ወራት ጠብቀው በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው የተነሳበት። አሁን 76 ሆናለች። ስለ ልጅነቷ ብትጠይቋት ጎንደር፣ ውኃ መቅዳት፣ እንስራ፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። ያንን ሌሊት ግን ጠይቋት! የአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ መሬት ላይ መቀመጣቸውን። ትንሹ ወንድሜ ነጠላዋን ነክሶ መተኛቱን። ጎኗ የነበሩት አሮጊት «ሰማዩ ቀዘቀዘኝ» ማለታቸውን። ያፈላችው ቡና ረከቦት ላይ እንዳለ ጥላው መውጣቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ይሄ በወጣትነት የሆነ አይደለም። 41 ዓመቷ ነው።


መምህርቷ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:50

ከቤርሼባ፣ እናትሽ ጉብታውን አላፈረሱትም፤ አዛወሩት እንጂ። ይህ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽራውፍና ሩቢን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ስፓኒሽ ተናጋሪ አረጋውያንን ጠይቀው ነበር። በሃያዎቹ የተሰደዱት ጉብታቸው እዚያው ሃያዎቹ ላይ ነው። በሠላሳዎቹ የተሰደዱት ግን ጉብታው ወደ ስደቱ ዕድሜ ተገፍቶ ተገኘ። አገር፣ ቋንቋ፣ ሥራ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም እንደገና «የመጀመሪያ» ሲሆን ሰው በአርባ ዓመቱም እንደገና ይወጠናል።

ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን አይደለም ተአምሩ። በዚያ ዕድሜ የሚሆነው ነገር ነው።


ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30

ይሄንን ሳነብ ሥራ ቦታ እንባዬ መጣ። አሜሪካ የመጣሁት በ35 ዓመቴ ነው። ሁለት ጉብታ አለኝ ማለት ነው። አንዱ ፒያሳ፣ አንዱ የመጀመሪያው ክረምት እዚህ፤ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ስሠራ የነበረው ብርድ። መሃላቸው ያለውን አሥር ዓመት ግን ፎቶ ካላየሁ አላገኘውም።

የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ልጄ እዚህ ተወልዳ 20 ዓመቷ ነው። እኔ ወጣት ሆኜ በካሴት የሰማኋቸውን ዘፈኖች እንደ ራሷ ወጣትነት ነው የምትሰማቸው። መኪና ውስጥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እነሱን ነበር የምከፍተው።


መምህርቷ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:10

እሱም ተጠንቷል! እ.ኤ.አ. በ2013 ክረምሃንስልና ዙፕኒክ አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የድሮ ሙዚቃ አሰምተው ነበር። ልጆቹ ከራሳቸው ዘመን ሌላ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ለወጣው ሙዚቃም ልዩ ፍቅርና ትዝታ ነበራቸው። ልጅህ ያንተን ጉብታ ወርሳለች።


የዶሮ ማነቂያው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

ፒያሳ ስትል ቀሰቀስከኝ ወንድሜ።

ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ፈረሰ። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። የመጀመሪያ ጊዜ ሲፈርስ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሜዳ ሲሆን፣ ሦስተኛ ጊዜ መንገድ ሲሆን። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ቆሜ ቤታችን የት ጋ እንደነበረ መለየት አቃተኝ። እኔ! በጨለማ ሽንት ቤት የምሄድበት ሰፈር!

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ሁሉም አለ። የሥጋ ቤቱ ቀይ መብራት፣ የጠጅ ቤቱ በር ላይ ያለው ድንጋይ፣ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት ሌሊት ሌሊት የምናጠናበት ደረጃ። የምትወዳት ልጅ ስታልፍ ጓደኛህ ክርንህን የሚጎሽምበት ጥግ። ቦታው ጠፍቶ ትዝታው አልጠፋም። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ድሮ በዚያ በኩል ሳልፍ ሳላስበው ነበር የሚመጣልኝ። አሁን ልፈልገው ይገባል። ሰፈሩ ያስታውስልኝ የነበረውን ብቻዬን ልሸከም ነው።

መምህርት፣ ትዝታ ቦታ ካጣ ይደክማል ወይ?


መምህርቷ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ትዝታ በምልክት ይነሳል፤ ሽታ፣ ድምፅ፣ ቦታ። ምልክቱ ሲጠፋ ትዝታው ላይጠፋ ይችላል፣ የሚጠራው ግን ያጣል። የሰፈርህን ልጆች ፈልግ። ዶሮ ማነቂያ አሁን ያለው እነሱ ውስጥ ነው።


ከሪያድ የተመለስኩ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:35

ስታወሩ ሰማሁ። እኔም የምለው አለኝ።

በ19 ዓመቴ ሄድኩ። እስከ 25 የሰው ቤት። ስለዚህ የኔ ጉብታ እዚያ ነው። የካውያው እንፋሎት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ኬሚካል፣ ስልክ የተፈቀደልኝ አርብ ብቻ። ግን ደግሞ ትንሿ ልጃቸው በአረብኛ ፊደል ያስተማረችኝ ማታ ማታ። የመጀመሪያ ደመወዜን ልኬ እማዬ «ቆርቆሮ ገዛሁበት» ስትለኝ ስልኩን ይዤ ኩሽና ወለል ላይ የተቀመጥኩት።

ልጅነት ማርና ወተት ይባላል። የኔ ወጣትነት ማር አልነበረም። ግን የኔ ነው። ማንም «እርሺው» እንዲለኝ አልፈልግም።


የ67ቱ ዘማች · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ የጉለሌዋ ልጅ አባት እኩያ ነኝ። 70 ሞልቶኛል። እኔም ዘማች ነበርኩ፤ አርሲ። ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን ነበርን። የካቲት 25 የመሬቱ አዋጅ ሲወጣ እኔ ያለሁበት ቀበሌ ሰው በፈረስ መጣ፣ በእግር መጣ፣ ሌሊቱን በሙሉ ተጨፈረ። 18 ዓመት ሆነህ እንዲህ ያለ ሌሊት ካየህ በኋላ ምን ትረሳዋለህ?

ግን ሁለት ነገር ልናገር።

የመጀመሪያው፣ ከሪያድ የተመለሰችው ልጄ ያለችው ነው። መምህርቷ የምትጠቅሻቸው ጥናቶች ስለ ክፉው ትዝታ ምን ይላሉ? እኔ ከዘመቻ ከተመለስኩ በኋላ 1969 እና 1970 መጣ። 20 ዓመቴ ነበር። ሌሊት አስፋልት ላይ የሚሰማ የቦቲ ጫማ። አሰሳ ሲመጣ እናቴ መጽሐፎቼን እንጀራ ምጣዱ ሥር የምታቃጥልበት ጭስ። አብሮኝ አርሲ የነበረ ጓደኛዬ አንድ ጠዋት ሄዶ አልተመለሰም። ይህም ደምቋል። ከጭፈራው እኩል ደምቋል።

ሁለተኛው ለአንቺ ነው፣ የጉለሌዋ። አባትሽ የወንዙን ታሪክ ሲነግርሽ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚነግርሽ? እኔ እንደዚያ ነኝ። ባለቤቴ ነች የነገረችኝ። «አንተ እኮ ስለ አዋጁ ሌሊት ስታወራ ቃሉ አይዛነፍም፣ ዳዊት እንደምትደግም ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነቷን ነው። ሌሊቱን ማስታወስ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ የማስታውሰው ስለ ሌሊቱ ያወራሁትን ነው። እንደ ገንዘብ ነው፤ እጅ በበዛበት ቁጥር ፊቱ ይጠፋል።

ስለዚህ አባትሽን የወንዙን ታሪክ አትጠይቂው። ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጠይቂው። ውኃ በምን ነበር የምትቀዱት? ማን ያበስል ነበር? ጨው ሲያልቅ ምን አደረጋችሁ? ፊደል ካስተማርካቸው መጀመሪያ ስሙን የጻፈው ማን ነው? እነዚያ ያልተነኩ ናቸው።


መምህርቷ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ስለ ጓደኛዎ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።

ላልዋሽዎት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሩቢንና በርንትሰን ሰዎችን «በጣም የተደሰቱበት» እና «በጣም ያዘኑበት» ጊዜ መቼ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። የደስታው ጉብታ ሠራ። የሐዘኑ አልሠራም። ትናንት ስጽፍ ይህን ልጨምር አስቤ ተውኩት፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበርኩ። ያ ጥናት የተሠራው በሌላ አገር ሰዎች መሃል ነው። የእርስዎ ትውልድ 20 ዓመቱ ላይ ያየውን አይወክልም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1989 ሹማንና ስኮት አሜሪካውያንን «ባለፉት 50 ዓመታት ትልቁ ክስተት የቱ ነው?» ሲሏቸው ብዙ ሰው ወጣት ሳለ የሆነውን ነበር የመረጠው፤ ጦርነት ጭምር። ይህ ወደ እርስዎ ይቀርባል።

መደጋገም ስላሉት ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው በላይ አስተምረውኛል።


ሲድኒ93 · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:40

ጋሼ፣ የቡናዬን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት መቁጠር ጀመርኩ። ያ ልጅ አንገቱ ላይ ጠባሳ ነበረው ወይ ብዬ ዛሬ ደውዬ ልጠይቀው ነው።


የጉለሌ ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በተለይ ለእርስዎ ነው የምጽፈው።

የመምህርቷን መልእክት ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «መሬት» ብላ ደገመችው። ከዚያ ተነስታ ለአባዬ ጋቢ ደረበችለት።

ዛሬ ከሰዓት በረንዳ ላይ አብረን ተቀመጥን። የወንዙን ታሪክ ሊጀምር ሲል አቋረጥኩት። እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ቃል በቃል አንድ ነው፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። «አባዬ፣ ፊደል ካስተማርካቸው መጀመሪያ ስሙን የጻፈው ማን ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። በጣም ረጅም ዝምታ። ጠፋበት ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በሌላ ድምፅ መናገር ጀመረ። እየቆመ፣ እየፈለገ። ሸምገል ያሉ ገበሬ ነበሩ አለ። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ እርሳስ ይሰብሩ ነበር። ሦስት እርሳስ ሰበሩ። በአራተኛው ቀን ከሰል አምጡልኝ አሉ። ቤታቸው ውስጥ ያለው የጤፍ ጎታ በጭቃና በእበት ተለስኖ ደርቆ ነበር፤ እሱ ላይ በከሰል ስማቸውን ጻፉ። አንዷን ፊደል ገልብጠው ነው የጻፏት። አባዬ ሊያርመው እጁን ሲዘረጋ ሚስታቸው እጁን ያዙት። «ተወው ልጄ፣ እንዲህ ነው የእሱ» አሉት።

38 ዓመት አብራው የኖረች እናቴ ይህን ሰምታ አታውቅም። እኔም። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት የጀመርኩት መሃሉ ላይ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ምሳ በላን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በልተናል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ እማዬ ዞሮ «ያ ጎታ እስከ አሁን ይኖር ይሆን?» አላት።